የገጠር ተማሪ ውጤት ለምን ዝቅ ይላል? በዚህ ክረምትስ ከእኛ ምን ይጠበቃል?



ውድ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ ክረምቱ እየደረሰ ነው። ፈተናችንን ጨርሰን ሻንጣችንን ይዘን ወደየቀያችን የምንመለስበት፣ እንደ ልማዳችንም ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክርቢቶ የምናከፋፍልበት ጊዜ ነው። አምና እኔም ከአከፋፋዮቹ አንዱ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን በዚያው ክረምት ቤታችን ውስጥ የገጠመኝ ነገር ነው።

የአጎቴ ልጅ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወድቆ ደረስኩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ገበያ ወርዶ እህል ሲሸጡ ሒሳቡን በቃሉ የሚያሰላው እሱ ነው። ነገሩ ግራ ቢገባኝ አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ «አንድ ገበሬ ካመረተው 24 ኩንታል ስንዴ ሩቡን ለዘር አስቀምጦ ከቀረው ላይ ግማሹን ቢሸጥ፣ የሸጠው ስንት ኩንታል ነው?»

ልጁ በጣቱ እየተከተለ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። «ግማሹን» የሚለው ላይ ሲደርስ ገበሬው ስንት ኩንታል እንዳመረተ ረስቶታል። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በሦስተኛው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አያ፣ አንተ አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። ብዙም ሳይቆይ «ዘጠኝ» አለ።

ልጁ ሒሳብ አልወደቀም። የወደቀው ንባብ ነው። እሱንም የወደቀው በ6ኛ ክፍል ሳይሆን በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም አላወቀለትም።

አጎቴ ውሳኔውን ጨርሶ ነበር። «ትምህርቱ እንቢ ካለው ምን አደርጋለሁ? ከጎረቤት ልጆች ጋር ይሂድ» አለኝ። ወሎ ያደገ ሰው «ይሂድ» ሲባል ወዴት እንደሆነ አይጠፋውም። በአፋር በረሃ በእግር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ አላህ ካለ ሳዑዲ። በዚያ መንገድ የቀሩትን ልጆች ሁላችንም በየቀያችን እናውቃቸዋለን። የፈተና ውጤት ለእኛ በግቢው የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ለእነሱ ግን አንዳንድ ጊዜ የሕይወት መንገድ መለያያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በተቻለኝ መጠን አነበብኩ። ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ መጨረሻ ላይም ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከታች ነው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ያኔ ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ተናገረ። ሕንፃ ሲሰነጠቅ ግን ስንጥቁ የሚታየው ግድግዳው ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ውስጥ ነው፤ ሲቪል ምህንድስና የሚማር ሰው ይህን ይማረዋል።

መሠረቱን ያየ ጥናት አለ። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛና ሐረሪኛ ተካተውበታል። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈች ለክፍላቸው የምትመጥን አጭር ታሪክ ተሰጣቸው። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከታሪኳ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። በቋንቋ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነበር።

እነዚያ ልጆች ወደ 3ኛ፣ ወደ 4ኛ፣ ወደ 5ኛ ክፍል አልፈዋል። በየክፍሉ የሳይንስ፣ የኅብረተሰብና የሒሳብ መጽሐፍ ጠብቋቸዋል፤ ሁሉም ማንበብን እንደሚችሉ አድርጎ የተጻፈ ነው።

ሰዓቱ የት ይሄዳል?

የውጤት ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን አንድ ጥፋተኛ እንፈልጋለን። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ወላጁን፣ አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ «የዘመኑን ልጅ» ይከሳል። በምህንድስና ግን አንዱ ካንዱ ጋር በተከታታይ የተያያዙ ክፍሎች ሲኖሩ የጠቅላላው ብቃት የሚገኘው የእያንዳንዱን ብቃት እርስ በእርስ በማባዛት ነው። እያንዳንዱ ክፍል «ደህና ነው» የሚባል ቢሆንም የጠቅላላው ውጤት ደካማ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ እንመልከተው። ቁጥሩን ከጥናት አልወሰድኩትም፤ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ያስቀመጥኩት ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢማር 800 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ከቀኖቹ 15 በመቶውን ቢቀር 680 ሰዓት ይቀረዋል። መምህሩ ከነዚህ ውስጥ 10 በመቶውን ባይገኝ 612 ይሆናል። ከክፍለ ጊዜው 30 በመቶው ስም በመጥራት፣ ክፍል በመጥረግ፣ ተማሪ በማስታገስና ጠመኔ በመፈለግ ቢያልፍ 428 ሰዓት ገደማ ይቀራል። አንዱም ቁጥር ለብቻው የሚያስደነግጥ አይደለም። ተባዝተው ግን የዓመቱን ትምህርት ግማሽ ሊበሉት ምንም አልቀራቸውም።

አሁን እያንዳንዱን እንየው።

ልጁ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። የትምህርት ዓመቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ የደጋው ዋና አጨዳ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት በሚጠብቅበት ወቅት ልጁ ማሳ ላይ ነው። በሳምንት አንድ የገበያ ቀን አለ። ከብት የሚጠብቅ ይፈለጋል። ሴት ልጆች ውኃ ይቀዳሉ፣ ታናሾቻቸውን ይይዛሉ፤ ምንጩ ከራቀ ሲደርሱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። በክረምት መግቢያና መውጫ ወንዝ ይሞላል። መስከረም ደግሞ በምዝገባ ብቻ ሳምንታቱ ያልፋሉ።

መምህሩንም በችኮላ አንውቀሰው። ደሞዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልተራመደም። ብዙው በሚያስተምርበት ቀበሌ የሚከራይ ቤት ስለማያገኝ ከወረዳው ከተማ ይመላለሳል። ደሞዝ ለመቀበልና ለስብሰባ ሲጠራ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። በመመሪያው አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ቢበዛ 50 ተማሪ እንዲይዝ ነው፤ በገጠር 1ኛ ክፍል ግን ከዚያ በላይ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ያየን ብዙዎች ነን። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ መምህሩ የትኛው ልጅ እንዳላነበበ ማወቅ እንኳ ይቸግረዋል።

በዚህ ላይ ሁሉንም የመታው ነገር አለ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቀጥሎ በመጣው ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ወንበሩና መጽሐፉ ጠፋ። ከዚያም በኋላ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት የተዘጉ አሉ። ዛሬ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜው እነዚህን ዓመታት ነው ያሳለፈው። ውጤቱን ስናይ ይህን መርሳት ግፍ ነው።

ሆድ፣ ዓይንና ጨው

ልጁ ክፍል ውስጥ ተገኘ እንበል። ሳይበላ ከመጣ፣ ዓይኑ ሰሌዳውን ካላየ፣ መገኘቱ ብቻ ምን ይጠቅመዋል?

«ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲከታተል ቆይቷል። በሕፃንነታቸው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ልጆች ቆይተው በቃላትና በሒሳብ ፈተና ከእኩዮቻቸው ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የምግብ ነገር ከዓመታት በኋላ በፈተና ወረቀት ላይ ይታያል ማለት ነው።

አዮዲንም አለ። እጥረቱ እንቅርት ብቻ አያመጣም፤ በእርግዝና ጊዜና በሕፃንነት ሲያጋጥም የአእምሮ እድገትን ይጎዳል። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ግዴታ ሆኗል። በቤት ግን ጨው ክፍት ዕቃ ውስጥ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው፣ ወጥ ውስጥም ቀድሞ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ምንም ብር አያስወጣም። ለእናቶቻችን ይህን መንገር ራሱ ሥራ ነው።

ዓይንን ደግሞ በቀላሉ መለየት ይቻላል። ሰሌዳው ላይ ፊደል ጽፎ ልጁን ከኋላ ወንበር ማስነበብ ነው። የማያይ ልጅ «ሰነፍ» እየተባለ ዓመታት ይቀመጣል። መነጽር እስኪገኝ ድረስ ወደ ፊት ወንበር ማምጣት ይቻላል።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ልብ የሚባል ጥናት ልጥቀስ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኬንያ ቡሲያ አካባቢ ለገጠር ተማሪዎች የአንጀት ትላትል መድኃኒት ተሰጠ። ውጤቱ ሲለካ የልጆቹ መቅረት በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የፈተና ውጤታቸው ግን አልጨመረም። ጤናው ልጁን ክፍል ድረስ አመጣው፤ ክፍሉ ውስጥ የጠበቀው ትምህርት ግን ለውጥ አላመጣለትም። የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ብቻ ማጥበቅ ሙሉውን ሰንሰለት አያጠነክረውም።

መጽሐፉና ቋንቋው

አሁን ወደ እኛ ልማድ፣ ወደ ደብተርና መጽሐፍ ማከፋፈል እንምጣ። እዚያው ኬንያ ገጠር ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በነፃ ታደለና ውጤቱ ተጠና። አማካይ ውጤት ከፍ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ለምን? መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። መጽሐፉን ማንበብ የሚችል ተጠቀመ፣ የማይችል ታቅፎት ተመለሰ።

ይህ መጽሐፍ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ ዘግይቶ መምህሩ ከስልኩ እያየ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ፣ ልጁ ደግሞ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ አይተናል። ያ ሰዓት ትምህርት አይባልም። ግን መጽሐፍ የሚጠቅመው ማንበብ ለሚችል ነው።

የቋንቋው ጉዳይ በአገራችንም ተጠንቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ ክልሎች ግን ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል የተለያየ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተደረገ ጥናት ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳየ። ብዙ ወላጅ ልጁ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ቢገባ የሚጠቀም ይመስለዋል። ቶሎ መግባት ግን ሁልጊዜ ቶሎ መድረስ አይደለም።

ክፍሉ ይሄዳል፣ ልጁ ይቀራል

በእኔ ግምት ዋናው ነገር ይህ ነው። በዚያው ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይደግሙ ይዛወሩ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ትንንሽ ልጆች በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው ከትምህርት እንዳይወጡ ነው። ነገር ግን መምህሩ በተከታታይ ምዘና የቀሩትን እየለየ እንዲደግፍ ታስቦ ነበር። 70 ልጅ ባለበት ክፍል ዝውውሩ ተተገበረ፣ ድጋፉ ቀረ። መምህሩ መጽሐፉን መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ ፊት ለተቀመጡት አሥር ልጆች ያስተምራል። ሌሎቹ ከክፍል ክፍል አብረው ይጓዛሉ።

እዚህ ላይ ሐሪማ ያደግን ሁላችን አንድ ነገር እናስታውስ። ሸኻችን ዘንድ ስንቀራ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳና የሰባት ዓመት ሕፃን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም አሊፍ ባ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ ሎሑን ይዞ ይቀርባል። ያልያዘው ካለ ሎሑ አይታጠብም፣ ወደ ሚቀጥለውም አይሻገርም፤ ነገ እዚያው ይደግማል። ትልልቆቹ ደረሶች ትንንሾቹን ያስቀራሉ። ሸኹ ሰላሳ ልጅ ቢኖራቸው ሰላሳው የት የት እንደደረሰ በቃላቸው ያውቁታል። ድህነት ነበረ፣ ጭቃ ቤት ነበር፣ ወንበር አልነበረም። ግን ሳይለይ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም።

ደግሞ ጉድለታችንንም እንናገር። ሐሪማ ድምፅ ማውጣትንና መሐፈዝን አስተምሮናል፤ ብዙዎቻችን ግን ትርጉሙን ሳናውቅ ዓመታት ቀርተናል። ያን ልማድ ወደ አስኳላ ይዘነው ስንሄድ ደብተር በቃላችን ሸምድደን ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ይጠፋብናል። እኔ ራሴ 9ኛ ክፍል እስክደርስ እንዲህ ነበርኩ። በአንዳንድ ቀየም የቂርኣቱና የትምህርት ቤቱ ሰዓት እየተጋጨ ልጁ ከሁለቱም ይጎድላል። ይህን ከሸኾቻችን ጋር በአደብ ተነጋግሮ ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ሲነገራቸው የሚያስተካክሉ ብዙ ናቸው።

ሎሑን የሚመስል አሠራር በዘመናዊ ትምህርትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ ሙምባይ የተመሠረተው «ፕራታም» የተባለ ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን ማንበብ በሚችሉበት ደረጃ ይመድባል። ፊደል የሚለዩ አንድ ቦታ፣ ቃል የሚያነቡ አንድ ቦታ፣ አንቀጽ የሚያነቡ አንድ ቦታ፣ ታሪክ የሚያነቡ አንድ ቦታ። በቀን ለተወሰነ ሰዓት በደረጃቸው ይማራሉ፤ ልጁ ሲሻሻል ወደ ሚቀጥለው ቡድን ይሸጋገራል። ይህ አሠራር በተደጋጋሚ ተለክቶ የልጆችን ንባብ በግልጽ እንዳሻሻለ ታይቷል። ከመጽሐፍና ከመድኃኒት ጥናቶቹ ጋር በዚህ ሥራ የተሳተፉት ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አስተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የመንደር ወጣቶች ነበሩ። እንደ እኛ ያሉ ማለት ነው።

ስለ ኩረጃ አንድ ቃል

ኩረጃ ሐራም መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ሌላም ጉዳት አለው። መኪናው ሞቆ ሳለ የሙቀት መለኪያውን መርፌ በእጁ ወደ ታች የሚጎትት ሹፌር ሞተሩን ያቃጥላል። አምስት ልጅ ማንበብ ሳይችል ከጎበዙ ገልብጦ ሲያልፍ፣ ትምህርት ቤቱም ወላጁም «ደህና ነን» ይላሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር የታየው ውጤት ልጆቹ በዚያ ዓመት ስለደከሙ አይመስለኝም፤ መርፌው ስለተለቀቀ ነው። ትናንሾቻችን ሲፈተኑ «እርዳው» የምንል ታላላቆች አማናችንን እንመርምር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለደብተርና እስክርቢቶ የሚወጣውን ብር አላናንቅም። ደብተር ያጣ ልጅ ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ አይቻለሁ። ያ ይቀጥል። የእኔ ሐሳብ በእጃችን ካለው ውስጥ ከብሩ ይልቅ ውድ የሆነውን፣ የክረምቱን ሰዓታችንን፣ እንድንጨምርበት ነው።

አንደኛ፣ እንለካ። እያንዳንዳችን በየቀያችን ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሰብስበን በአንድ ገጽ ወረቀት እናስነብብ። አሥር ፊደል፣ አሥር ቃል፣ አንድ አጭር አንቀጽ፣ አንዲት ትንሽ ታሪክና ሁለት ጥያቄ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለብቻው እንጂ በጓደኞቹ ፊት አይሁን፤ ልጅን ማሳፈር ከትምህርት ያስወጣዋል።

ሁለተኛ፣ በደረጃ እንመድብ። 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ ፊደል ላይ ከሆነ ከፊደል ይጀምር። በአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ 231 ናቸው፤ ብዙው ልጅ የሚሳሳተው ጥቂቶቹን ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ከታወቁ በሳምንታት ይስተካከላሉ። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት 45 ሰዓት ይሆናል። ከታሪኩ በኋላ ሁልጊዜ «ምን ተረዳህ? ምን ተረዳሽ?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንሥራ። ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋግረን የትምህርት ቤቱን ክፍል እንጠይቅ። ሸኾቻችን ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንዲያሳውቁልን እንለምናቸው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም ይምጡ፤ ወሎ አብሮ በልቶ አብሮ ያደገ አገር ነው፣ ፊደሉም የሁላችን ነው። እህቶች ቢያስተምሩ ደግሞ ሴት ልጆችን ለመላክ ወላጅ አይሰጋም።

አራተኛ፣ ለወላጆች እንንገር። ማንበብ የማይችል አባትም ልጁን «አንብብልኝ» ብሎ በየማታው አሥር ደቂቃ ማዳመጥ ይችላል። ልጁ ሲደነቃቀፍና ሲፈስለት በጆሮው ይለየዋል። የገበያውን ቀን ሌላ ሰው ቢተካው ልጁ በዓመት ስንት ቀን እንደሚያተርፍ አብረን እንቁጠርለት።

አምስተኛ፣ በመጨረሻ እንደገና እንለካና ቁጥሩን ይዘን እንምጣ። ከሠራ ይቀጥላል፤ ካልሠራም በግልጽ እንናገራለን።

ይህ የመምህር ደሞዝን፣ የተጎዳ ትምህርት ቤትንና የመጽሐፍ እጥረትን አይተካም። እነሱ የመንግሥት ግዴታ ናቸው፤ መጠየቃችንንም አናቆምም። ነገር ግን ስድስት ሳምንት ለአንድ ልጅ ብዙ ነው።

ሲራ እንደሚያወሳው ከበድር ምርኮኞች መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ለአሥር የመዲና ልጆች ማስተማር ቤዛ ሆኗቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን ንባብ ከወርቅ ጋር አመዛዝነውታል። እኛ ደግሞ በነፃ ተምረን እዚህ የደረስን ነን።

የአጎቴን ልጅ አምና ክረምት አምስት ሳምንት አስነበብኩት። በመጀመሪያው ሳምንት በጣም ያፍር ነበር። በአራተኛው ሳምንት ማታ ማታ ለእናቱ ማንበብ ጀመረ። አጎቴም ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ከርሞ አንድ ቀን «እሺ፣ ዘንድሮን ይድገም» አለ። ዘንድሮ በሰኔ እንደገና ይፈተናል። ይለፍ አይለፍ አላውቅም። አሁን ግን ጥያቄውን ራሱ ያነበዋል።

በዱዓችሁ አትርሱት። በዚህ ክረምት ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጁምዓ በኋላ በጀመዓችን ስብሰባ ስማችሁንና የምትሄዱበትን ወረዳ አስመዝግቡ፤ የማስነበቢያውን ወረቀት አብረን እናዘጋጃለን ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ